«ስፖርተኛ ያልሆነ» ታዳጊ በየጁቤ ማን ነው?

ስፖርት የሚሠሩና የማይሠሩ ታዳጊ ወንዶችን የስብና የጡንቻ መጠን የሚያወዳድሩ ጥናቶች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። በአንድ ወገን ተጫዋቾችና ሯጮች፣ በሌላው የዕድሜ እኩዮቻቸው ይመደባሉ፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በካሊፐር ይለካል፤ ስፖርተኞቹ ስባቸው አንሶ ጡንቻቸው በልጦ ሲገኝም ልዩነቱ የልምምድ ውጤት ነው ይባላል። ይህ አተረጓጎም ተቀምጦ ለሚውል የከተማ ልጅ እንኳ አጠያያቂ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በየጁቤ ግን መነሻውን ያጣል።

በዚህ አካባቢ «ስፖርተኛ ያልሆነ» የሚባለው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ልጅ ነው። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይሸከማል፤ ከገጠር መጥቶ በከተማው ቤት የተከራየ ከሆነም ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ሊያመጣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ ይመላለሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከታላላቅ የኢትዮጵያ የማራቶን ሯጮች ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡና በልጅነታቸው ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ የነበሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚያ ልጆች ያኔ ቢለኩ ኖሮ የሚመደቡት ከ«ስፖርተኛ ያልሆኑት» ጋር ነበር።

የዕድሜ እኩያነቱም አስተማማኝ አይደለም። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ የሚባለው የተወለደው ሕጋዊ የልደት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ነው። ዕድሜው በትክክል ቢታወቅ እንኳ ጉርምስና ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይመጣም። ቴስቶስቴሮን ሲጨምር የወንድ ልጅ ጡንቻ ይዳብራል፣ የስቡ ድርሻም ይቀንሳል። አሠልጣኝ ደግሞ ቀድሞ የጎረመሰውን መምረጥ ይቀናዋል። እንግዲህ ልዩነቱ ከልምምዱ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ ጥናት ሁለቱን መለየት አይችልም።

ስሌቱም የራሱ ችግር አለው። በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲሪ ቀመር ከስብ ውጭ ያለው አካል እፍጋት በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.1 ግራም ነው ብሎ ይነሣል። የታዳጊ አካል ውሃው በዝቶ የአጥንቱ ማዕድን ስለሚያንስ ቀመሩ የስቡን መጠን አብልጦ ያሳያል። የልኬቱ ወቅትም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በ55ቱ ቀን የሁዳዴ ጾም ማብቂያ ወይም እህል በሚያጥርበት በነሐሴ የተለካ ልጅ በጥር ከተለካው ጋር እኩል አይታይም። ይህን ወቅት የሚገልጹት ጥናቶች ጥቂት ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መቶኛው የሚደብቀው ነው። ስቡ ዝቅተኛ የሆነ ልጅ ሠልጥኖ የጠነከረ ወይም በቂ ምግብ ያጣ ሊሆን ይችላል፤ በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ቅጥነቱ ለሩጫ እንደተፈጠረ ማስረጃ ተቆጥሮለት ልምምድ የተጨመረበት ልጅ፣ ለዕድገቱ ያስፈልገው የነበረውን ጉልበት በሩጫ ያወጣል። የጡንቻው ክብደት ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ በኪሎ ግራም ቢቀርብ፣ የጉርምስና ደረጃውና በቀን ምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ ቢመዘገብ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የ2007 እ.ኤ.አ. መለኪያ ቅጥነቱ ከልክ ያለፈው ልጅ በሁለቱም ምድብ ውስጥ ይገኝ ነበር።