ድህነትና እምቢተኝነት፦ ገደብ ሲጣስ ዳኛው ምን ይጠይቃል?

በአሜሪካ የወንጀል ፍትሕ፣ ጥፋተኛው ወኅኒ ሳይወርድ በማኅበረሰቡ መካከል በፈተና እንዲቆይ የሚያደርገው ቅጣት በብዙ ግዴታዎች የታጠረ ነው። መቀጮ መክፈል፣ በተቆጣጣሪው ዘንድ በቀጠሮ መቅረብ፣ ያለ ፈቃድ ከአካባቢው አለመራቅ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የቅጣቱ እውነተኛ ጠባይ የሚገለጸው ግዴታው በተጣሰ ዕለት ነው። በዚህ ረገድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 በቤርደንና በጆርጂያ ክፍለ ግዛት መካከል የሰጠው ውሳኔ እንደ ታላቅ እርምጃ ሲጠቀስ ኖሯል። ውዳሴው የሚገባው ነው፤ ሆኖም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ውሳኔ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዳኒ ቤርደን በ1980 ሰብሮ በመግባትና የተሰረቀ ዕቃ በመቀበል ወንጀሎች ጥፋተኛነቱን አምኖ በፈተና ተለቀቀ፤ 500 ዶላር መቀጮና 250 ዶላር ካሣ እንዲከፍልም ታዘዘ። ከወላጆቹ ተበድሮ 200 ዶላር ከፈለ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰ። ትምህርቱ ከዘጠነኛ ክፍል ያላለፈ፣ ማንበብም የማይችል ሰው ነበርና ሌላ ሥራ ፈልጎ አጣ። ቀሪው 550 ዶላር እንደሚዘገይ ለተቆጣጣሪው ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቅም፣ ፍርድ ቤቱ ፈተናውን ሽሮ ወደ ወኅኒ ላከው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። ዳኛዋ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ ዳኛው አስቀድሞ ያልተከፈለበትን ምክንያት መመርመር አለበት። ሰውየው ሆን ብሎ እምቢ ካለ፣ ወይም ገንዘቡን ለማግኘት ከልቡ ካልጣረ ሊታሰር ይችላል። ጥሮ ካጣ ግን ጊዜ ማራዘምን፣ መቀጮ መቀነስን ወይም የሕዝብ አገልግሎትን የመሰለ ሌላ መፍትሔ መታየት ይኖርበታል። ድህነትን ከእምቢተኝነት የለየው ይህ ነጥብ የውሳኔው ክብር ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። «ከልብ መጣር» ምን ያህል መጣር እንደሆነ ውሳኔው መስፈሪያ አላበጀለትም፤ ልኩ ለየችሎቱ ተተወ። ጥያቄውን በችሎት የሚያነሣ ሰው መኖሩም አልተረጋገጠም። በ1973 በጋግኖንና በስካርፔሊ ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት፣ ፈተናው ሊሻርበት የቀረበ ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያገኘው እንደየጉዳዩ ሁኔታ እየታየ ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ ማንበብ የማይችል ሰው፣ የጥረቱን ማስረጃ አሰባስቦ በሕግ ቋንቋ ያስረዳ ዘንድ ሊጠበቅ ነው። ጠያቂ ያላገኘ መብት በመዝገብ ላይ ብቻ ይኖራል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። እኚሁ ዳኛ በ1985 በብላክና በሮማኖ ጉዳይ በጻፉት ውሳኔ፣ ፈተናን የሚሽር ዳኛ ከእስር ሌላ አማራጮችን ማየቱን እንዲገልጽ ሕገ መንግሥቱ በጠቅላላው አያስገድደውም ተባለ። የቤርደን ጥበቃ በገንዘብ ጉዳይ ታጠረ ማለት ነው። የፍርድ ቤቱ ክርክር፣ መቀጮ ያልከፈለ ድኻ ጥፋት የለበትም፤ ሌላ ግዴታ የጣሰ ግን በራሱ ጥፋት ይጠየቃል የሚል መንፈስ አለው። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ የአውቶቡስ ዋጋ ስላጣ ወይም አሠሪው ስላልለቀቀው ቀጠሮ ያመለጠው ሰው በምን ይለያል? መንስኤው ያው ማጣት ሆኖ ሳለ ሕጉ አንዱን ድኻ፣ ሌላውን አጥፊ ይለዋል።

ጉዳዩ ለስደተኛው ማኅበረሰባችን ሩቅ አይደለም። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ የታገደውን እስራት ጭምር እንደ ሙሉ እስራት ይቆጥራል። ስለዚህ ዜግነት የሌለው ወገናችን በአገራችን ሕግ እንደምናውቀው «ገደብ» ቆጥሮ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ፍርድ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፤ ፈተናው ሲሻር ደግሞ አደጋው ይጠነክራል።

ዳኛ ከማሰሩ በፊት «ለምን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስገደድ ለጥፋተኛ ማዳላት አይደለም። ቤርደን ጥያቄውን ለመቀጮ አስተማረ፤ ለማንኛውም ግዴታ፣ ከጠበቃ ጋር፣ እንዲዳረስ ማድረግ ግን ገና ያልተሠራ ሥራ ነው።