«ወፍረሃል» ምርቃት ነው ስድብ?

አምበር ላይ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰው የሚቀበለው ሰላምታ «ወፍረሃል እኮ! ተመችቶሃል!» የሚል ነው። ምርቃት መሆኑ ነው። ያው ሰው ግፊት ወይም ስኳር ተገኘበት ሲባል ደግሞ «ድሮስ እንዲህ እየበላ!» ይባላል። መራቂውም ፈራጁም አንድ አፍ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ነው፦ «ስፖርት ይሥሩ»። በዚህች ሁለት ቃል ታማሚው ይሸኛል። መቼ? የት? ከማን ጋር? ማንም አይነግረውም። የማውቃቸው አንዲት ባለሱቅ ምክሩን ሰምተው አስፋልቱን ይዘው ሦስት ቀን ተራመዱ። በአራተኛው ቀን ጎረምሶች «እትዬ፣ ማራቶን ነው?» ብለው ሳቁባቸው፤ እሳቸውም ቀሩ። ከዚያ «ሰነፍ» ተባሉ። ስንፍናው የማን ይሆን?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «እሠራለሁ» ከሚል ደረቅ ውሳኔ ይልቅ ከሰዓትና ከቦታ ጋር የታሰረ ዕቅድ የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ መሆኑን አሳይቷል። «ሱቄን እንደዘጋሁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሼ እመለሳለሁ» እንደማለት ነው። (ምሳሌው የእኔ ነው፤ እሱ አምበርን የት ያውቃታል!) በ2010 ደግሞ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው፣ አዲስ ልማድ እስኪዋሐድ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን፣ መሐል ላይ ላለው ሰው 66 ቀን ግድም እንደሚፈጅ አሰሉ። አንድ ቀን መቅረት ብዙም እንደማይጎዳ አብረው ጽፈዋል። እኛ ግን ነገሩን እንደ ጾም አድርገነው፣ «አንዴ ገድፌያለሁ» ብለን ጨርሰን እንተወዋለን።

የሚገርመው ዘዴው ከእኛ ጋር መኖሩ ነው። «ዛሬ ደስ አላለኝም» ብሎ ከእድር የሚቀር ማን ነው? ቀኑ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ይጠብቃል፤ የቀረም ይቀጣል። ለእግር ጉዞ ሲሆን ግን ሰውዬውን ብቻውን ከፈቃዱ ጋር እናታግለዋለን።

አዲስ አበባ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁ ሩጫ አላት፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። ደስ ይላል። ነገር ግን በዓመት አንዴ፣ በወር አንዴ መውጣት ድግስ እንጂ ልማድ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ትንሹም እንቅስቃሴ እንደሚቆጠር ገልጿል።

ሚዛኑም ሌላ ጣጣ ነው። እንቅስቃሴ ግፊትንና ስኳርን ይረዳል እንጂ ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም። በኪሎ ብቻ የሚለካ ሰው በወሩ ተስፋ ይቆርጣል። ሐኪሙ «ስንት ኪሎ ቀነሱ?» ከማለቱ በፊት «ስንት ቀን ወጡ? ምን አስቀረዎት?» ቢል ኖሮ፣ ባለሱቋ ስለ ጎረምሶቹ ሳቅ ይነግሩት ነበር። ያን ጊዜ ሰዓቱን መለወጥ ወይም ጎረቤት አስከትሎ መውጣት ይቻላል።