«ሃድ» ሁሉ «ነበር» ነውን?

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፓስት ፐርፌክት የሚባለውን የግስ መልክ፣ ማለትም «ሃድ» ከተሰኘው ረዳት ግስና ከዋናው ግስ ሦስተኛ መልክ የሚመሠረተውን፣ በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው በአንዲት አጭር ደንብ ነው። ካለፉት ሁለት ድርጊቶች ቀድሞ የተፈጸመው «ሃድ» ይወስዳል እንላለን፤ የአማርኛ አቻው «ሄዶ ነበር» ዓይነቱ የሩቅ ኃላፊ ነው ብለንም እናልፋለን። ደንቡ ለፈተና ይበቃል። ልቦለድን ለማንበብና ለመተርጐም ግን አይበቃም፤ አንዳንዴም ያሳስታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአንድ አጭር ልቦለድ አማካይነት ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ «ሩቅ» የሚለው ስያሜ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ፈላስፋው ሀንስ ራይሸንባህ በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ አመክንዮ መጽሐፉ ሦስት የጊዜ ነጥቦችን ለይቷል፤ እነርሱም የንግግሩ ጊዜ፣ የድርጊቱ ጊዜ፣ እንዲሁም ድርጊቱ የሚታይበት ጊዜ ናቸው። በዚህ አተያይ የፓስት ፐርፌክት መለያ የድርጊቱ መራቅ አይደለም። ድርጊቱ የሚታይበት ነጥብ ራሱ ያለፈ መሆኑ፣ ድርጊቱም ከዚያ ነጥብ መቅደሙ ነው። «ስደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር» ስንል ባቡሩ የሄደው ከአንድ ደቂቃ በፊት ሊሆን ይችላል፤ የሺህ ዓመት ታሪክ ደግሞ በተራው ኃላፊ ይነገራል። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «መቼ ሆነ?» ሳይሆን «ማን፣ ከየት ሆኖ ነው የሚያየው?» የሚለው ይመስለኛል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። «ወንድምህ ትናንት መጥቶ ነበር» የሚል ሰው የሁለት ድርጊቶችን ቅደም ተከተል መናገሩ አይደለም፤ መጣ፣ አሁን ግን የለም ማለቱ ነው። ተማሪው ይህን በ«ሃድ» ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው አንባቢው «ከምን በፊት?» እያለ ይጠብቃል። በአንጻሩ እንግሊዝኛ የሌላውን ሰው ንግግር በተዘዋዋሪ ሲያቀርብ ግሱን አንድ እርከን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አማርኛ ግን «አይቼዋለሁ አለች» ብሎ የተናጋሪዋን ቃል እንዳለ ያቆየዋል። እዚህ ላይ «ነበር» የሚደርብ ተርጓሚ በምንጩ የሌለ ትርጉም ያስገባል።

ወደ ልቦለዱ እንለፍ። አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር በ1930 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» ተራኪው «እኛ» የሚል የአንድ ከተማ ሕዝብ ነው። ታሪኩ በኤሚሊ ቀብር ይጀምርና ወደ ኋላ ይመለሳል። በሁለተኛው ክፍል መግቢያ ተራኪው ኤሚሊ ግብር ሊጠይቋት የመጡትን ሹማምንት እንዳሸነፈቻቸው ሁሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት አባቶቻቸውን በሽታው ጉዳይ አሸንፋ እንደነበረ በ«ሃድ» ይነግረናል። ከዚያ በኋላ ግን ትረካው በአብዛኛው በተራው ኃላፊ ይቀጥላል፤ ሰዎቹ በሌሊት መጥተው ኖራ መርጨታቸውም የሚነገረው በዚሁ ነው። መግቢያው ላይ ያለችው «ሃድ» በር ናት፤ ከገቡ በኋላ በሩን ይዞ መቆም አያስፈልግም። በማርማቸው የተማሪዎች ትርጉሞች ውስጥ ግን «መጥተው ነበር፣ ረጭተው ነበር፣ ሄደው ነበር» የሚል ድርድር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። አማርኛ ቅደም ተከተልን በቦዝ አንቀጽ አሳምሮ ይይዛል፤ «መጥተው፣ ረጭተው ሄዱ» ማለት ይበቃል።

ዋናው ፈተና ያለው ግን በመጨረሻው ክፍል ነው። ከቀብሩ በኋላ የከተማው ሰዎች ፎቅ ላይ ያለውን የተዘጋ ክፍል ሰብረው ይገባሉ። ክፍሉን ለአርባ ዓመታት ማንም እንዳላየው የተነገረን በ«ሃድ» ነው። በውስጡ አልጋ ላይ የሰው አፅም ያገኛሉ፤ ሰውየው በአንድ ወቅት እንደተቃቀፈ ሰው ተጋድሞ እንደነበረ የተነገረንም በ«ሃድ» ነው። የግሱ መልክ አንድ ነው፤ የዕውቀቱ ምንጭ ግን የተለያየ ነው። የክፍሉን መዘጋት ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቅ ስለነበር «ማንም አላየውም ነበር» ብሎ መተርጐም ትክክል ነው። የሰውየውን አተኛኘት ግን ያየ የለም፤ ከቀረው ምልክት ተነሥተው ይገምታሉ። እንግሊዝኛው ግምትነቱን በተጨማሪ ተውሳከ ግስ ያመለክታል። አማርኛ ግን ለዚህ የራሱ ረዳት ግስ አለው፤ «ተኝቶ ኖሯል»።

«ተኝቶ ነበር» ብንል ተራኪውን የዓይን ምስክር እናደርገዋለን። «ተኝቶ ኖሯል» ብንል ግን ዘግይቶ የደረሰበት፣ «ለካ» የሚል ሰው ይሆናል። ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የፎክነር ምፀት የተመሠረተው ኤሚሊን ዕድሜ ልኳን ሲመለከት፣ ሲያማና ሲፈርድ የኖረ ከተማ ዋናውን ነገር ሳያይ በመቅረቱ ላይ ነው። አንዲት ያለቦታዋ የገባች «ነበር» ያንን ዕውርነት ወደ ምስክርነት ትለውጠዋለች፤ ሕዝቡንም የወንጀሉ ተባባሪ ታስመስለዋለች።

ይህ የሰዋስው እንጂ የሂስ ጉዳይ አይደለም የሚሉ ባልደረቦች ይኖራሉ። እኔ በበኩሌ ክፍፍሉን አልቀበለውም። በልቦለድ ውስጥ ማን ምን ያውቃል፣ እንዴትስ አወቀ የሚለው የሂስ ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከረዳት ግስ ነው። ስለሆነም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ስናስተምር «ሃድ» በመጣ ቁጥር ተማሪውን ቀድሞ የሆነው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «በአማርኛ ‹ነበር› ትላለህ፣ ‹ኖሯል› ትላለህ፣ ወይስ በቦዝ አንቀጽ ታልፈዋለህ? ለምን?» ብለን ብንጠይቀው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በጥንቃቄ ለማንበብ ይገደዳል። የገዛ ቋንቋው እንግሊዝኛው በግስ ያልለየውን ሊለይ እንደሚችልም ይረዳል።