ገድሉና ወንጌሉ፦ የሐይቁ ኢየሱስ ሞዓ ሁለት ሥዕሎች

በ1970ዎቹ ዓመታት ከወሎ ተነሥቶ በአሶሳ ዙሪያ የሠፈረው ገበሬ ከዕቃው ጋር የሐይቅ እስጢፋኖስን ስምና ወሬ ይዞ መጥቷል። የዚህ ሠፋሪ ልጅ ዛሬ ከበርታውና ከጉሙዙ ልጅ ጋር፣ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ጋር፣ በአንድ ክፍል ይማራል። በዚህ ክፍል ፊት ስለ ግዕዝ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር መምህር ገድልን ሲያነሣ ሁለት ቀላል መንገዶች ይጠብቁታል፦ አንዱ ተረት ነው ብሎ ማለፍ፣ ሌላው እንደ ተጻፈው መቀበል። ገድለ ኢየሱስ ሞዓ የሁለቱንም መንገድ ጉድለት የሚያጋልጥ ድርሰት ነው።

ባለታሪኩ በ13ኛው ምእት ዓመት ከላስታ ብዙ በማይርቀው በዳህና ተወለዱ። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው መነኰሱ፤ የቁም ጽሕፈትን ሙያም በዚያው እንደ ቀሰሙ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ ደሴት ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው በፊት የነበረ ነው፤ እርሳቸው የጨመሩት የመነኮሳት ማኅበር፣ ትምህርት ቤትና የመጻሕፍት ቤት ነው። ከደቀ መዛሙርቱ መካከል ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1292 ሲሆን መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ገድሉን እ.ኤ.አ. በ1965 ስታኒስላስ ኩር ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሞታል። ደራሲው የጻፈው አባ ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው፤ ይህም በድርሰቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ወደ ደሴቱ የሚመራቸው መልአኩ ገብርኤል ነው። 45 ዓመት ጎናቸውን ለእንቅልፍ እንዳላሳረፉ ትውፊቱ ይተርካል። ድርሰቱ በበዓል ቀን ለጉባኤ እየተነበበ እንዲደመጥ የተሰናዳ በመሆኑ መጋነኑ እንደ ነውር ሊቆጠርበት አይገባም፤ አድማጭን የሚይዝ ዜማና ድግግሞሽ የዘውጉ ሕግ ነው። ነቀፋው ሌላ ነው። ብራና የፋቀው፣ ቀለም የበጠበጠው፣ እርሻውን ያረሰውና ደቀ መዝሙሩን የመገበው እጅ በተአምራቱ ብርሃን ተሸፍኖ ይቀራል። አንድ ገዳም ግን በጾም ብቻ አይታደስም።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 የዛጔን ሥርወ መንግሥት ጥሎ ሲነግሥ የቃል ኪዳኑ አማላጅ ኢየሱስ ሞዓ እንደ ነበሩ ገድሉ ይናገራል፤ የሐይቅ አበምኔቶች የያዙት የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕርግም ከዚያ ውለታ ጋር ይያያዛል። የደብረ ሊባኖስ ወገን በአንጻሩ ያንኑ ክብር ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። እንግዲህ መምህርና ደቀ መዝሙር ከሞቱ በኋላ በልጆቻቸው ብዕር ተፎካካሪ ሆነዋል ማለት ነው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናት የእነዚህን ትውፊቶች አመጣጥ መርምረዋል። ገድሉ የአንድን ሰው ሕይወት ከመተረክ አልፎ የአንድን ተቋም መብት የሚሟገት ሰነድ መሆኑን ያልተረዳ አንባቢ የፊውዳሉ ሥርዓት ራሱን በቅድስና እንዴት እንዳጸደቀ አይታየውም። (የተገረሰሰው ሥርወ መንግሥት መናገሻ ላስታ፣ የቅዱሱ የትውልድ ስፍራም ለዚያው ቅርብ መሆኑ ግን ገድሉን እምብዛም አላስጨነቀውም።)

እድል ሆኖ ሌላ ምስክር አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳማቸው ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅትም በቁጥር 1832 መዝግቦታል። በውስጡ የራሳቸው የአበምኔቱ ሥዕል አለ፤ በሀገራችን ከሚታወቁት የአበምኔት ሥዕሎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። በኅዳጉና በባዶ ገጾቹ ላይ ተከታዮቻቸው የስጦታና የመሬት ማስታወሻ ጽፈውበታል። ይህ መጽሐፍ ምንም ተአምር አይተርክም፤ ዳሩ ግን አንድ ሰው ደሴት ላይ ምን እንደ ሠራ ከገድሉ ይልቅ በቅርበት ያሳያል። በፈረንሳይ አገር የሳን ደኒን ገዳም ያደሰው የቤኔዲክት ሥርዓት አበምኔት ሱዤ (የሞተው እ.ኤ.አ. በ1151 ነው) የሕንፃውን ሥራ በራሱ ብዕር መዝግቦ፣ ወርቁንና ዕንቁውን እየቈጠረ፣ ስሙንም በየግድግዳው እያስቀረጸ አልፏል። የሐይቁ አበምኔት እንዲህ ያለ የራስ ታሪክ አልተዉም። ያስቀሩት መጽሐፍ ነው፤ በእርሱም ላይ ስማቸውና መልካቸው።

ስለሆነም ገድሉ ብቻውን ለክፍል መቅረብ የለበትም። መምህሩ የቃል ኪዳኑን ምዕራፍ ከደብረ ሊባኖሱ ትውፊት ጋር አቀራርቦ ቢያስነብብ፣ የወንጌሉን ሥዕል ፎቶግራፍም ከጎኑ ቢያኖር፣ ተማሪው ማን ለማን ብሎ እንደ ጻፈ ለመጠየቅ ይበቃል። በየቤታቸው በቃል የሚተላለፍ የአባቶች ታሪክ ያላቸው የበርታና የጉሙዝ ተማሪዎች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም፤ ሁለት አረጋውያን አንድን ታሪክ ሁለት አድርገው ሲያወሩ ሰምተዋል። የሠፋሪው ልጅ ደግሞ አያቱ ስለ ሐይቅ የነገሩትን ሦስተኛ አድርጎ ያቀርባል፤ ያም ከሁለቱ ጋር በሰሌዳው ላይ ይጻፋል።