ዋንዛ ምን ተብላ ፈቀደች?

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆን ለ ካሬ «ዘ ኮንስታንት ጋርድነር» የተሰኘውን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ብራዚላዊው ዳይሬክተር ፈርናንዶ ሜይሬሌስ ወደ ፊልም መለሱት፤ የኪቤራ መንደሮችና የቱርካና ሐይቅ ዳርቻ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ታዩ፤ ሬቸል ዋይዝም በ2006 የኦስካር ተሸላሚ ሆነችበት። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ስለሚካሄድ የመድኃኒት ሙከራ ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ አብሮ ይነሣል። የተማረው የከተማ ሰው ስለ ሙከራ የሚፈራውን ፍርሃት ቅርጽ የሰጠው ከየትኛውም የሕክምና መጽሔት ይልቅ ይህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በናይሮቢ የሚኖረው የብሪታንያ ዲፕሎማት ጀስቲን ኳይል ከአትክልቱ በቀር ብዙም የማያሳስበው ጨዋ ሰው ነው። ወጣት ሚስቱ ቴሳ ቱርካና አቅራቢያ ተገድላ ትገኛለች። ዱካዋን ሲከተል፣ አንድ ኩባንያ አዲስ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በኬንያ ድሆች ላይ እየሞከረ፣ የሚሞቱትን ከመዝገብ እየሰወረ መሆኑን ይደርስበታል።

የለ ካሬ ጆሮ በኤምባሲ ቢሮዎች ውስጥ ወደር የለውም። አንድ ሹም ምንም ሳይዋሽ እንዴት እውነትን እንደሚቀብር፣ «ጉዳዩ እየተጤነ ነው» በምትባል ሐረግ ስንት ሬሳ እንደሚሸፈን እርሳቸውን ያህል ያሳየ ደራሲ ጥቂት ነው። መጽሐፉ ሲወጣም ወሬው ትኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ፋይዘር «ትሮቫን» የተባለውን መድኃኒቱን በ200 ሕፃናት ላይ ሞክሮ ነበር፤ ግማሾቹ ትሮቫንን፣ ግማሾቹ የተለመደውን መድኃኒት ወሰዱ፤ 11 ሕፃናት ሞቱ። ዋሽንግተን ፖስት ታሪኩን ያወጣው በ2000 መጨረሻ፣ ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር የተስማማው ደግሞ ጥፋቱን ሳያምን በ2009 ነው። ደራሲው ልብ ወለዳቸውን ከዚያ ቀዱት ማለት ባይቻልም፣ ክሱ ከአየር ላይ የተዘገነ እንዳልነበረ ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

የካኖን ክርክር ልብ ላለው፣ ከጭብጦቹ ዋነኛው ፈቃድ ነበር። ቤተሰቦች ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ፈቃድ በቃል ተቀብያለሁ አለ። ማን ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ ምን ብሎ ተናገረ? የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ያለው አንዲት ነርስ አንዲት እናት ፊት ቆማ በተናገረችው ጥቂት ቃላት ውስጥ ነው። ለ ካሬ ያልጻፉት፣ ሜይሬሌስም ያልቀረጹት ይህንኑ ትዕይንት ነው።

በመድኃኒቱ የምትሞተው ኬንያዊት ዋንዛ ትባላለች። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ የዛፍ ስም መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ነገር ግን አትክልተኛው በዋለበት ታሪክ ውስጥ እርሷም እንደ ዛፍ ዝም ብላ ትቆረጣለች። አልጋ ላይ ሆና እናያታለን፤ ልጇን ቴሳ ስታጠባላት እናያለን፤ ድምፅዋ ግን ከሞላ ጎደል አይሰማም። ምን ተብላ እንደ ፈቀደች፣ ወይም ጭራሽ ተጠይቃ እንደ ሆነ፣ ቢጠይቋት ምን ትመልስ እንደ ነበር አንባቢ አያውቅም። ስለ ፈቃድ መነፈግ የተጻፈ መጽሐፍ ራሱ ቃል ይነፍጋታል።

ይህ ጥቃቅን ነቀፋ እንዳልሆነ ለማየት ከገዛ ቋንቋ መነሣት ይበቃል። በአማርኛ ሐኪም ታማሚውን ሲያይ የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ የሳይንስ ሰው ዕውቀት ፍለጋ የሚያደርገው ምርምር ነው። ሁለቱ ቃላት ከ«መረመረ» የተወለዱ መንትዮች ናቸው። «ለምርምር ደም እንወስዳለን» የተባለች እናት «ለምርመራ» ብላ ብትሰማ ጆሮዋ አይወቀስም፤ የተባለው ለሌሎች ሕሙማን የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ የሰማችው ግን ለልጇ የሚደረግ ሕክምና ነው። «ሙከራ» የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ ብድግ ብላ ትሄዳለች፤ የግድያ ሙከራም ሙከራ ነውና። ከዚያ ዕጣ አለ። ታማሚዎች በየትኛው ምድብ እንደሚገቡ የሚወሰነው በዕጣ ነው ሲባል፣ ለዕቁብተኛ ዕጣ ማለት ዛሬ ባይወጣ ነገ የሚወጣ ነገር ነው። በሕክምና ሙከራ ግን ዕጣው አንዴ ነው፤ ተራ የለውም።

ዕጣ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደ ሆነ ያሳየው በሆስፒታሎችና በተመራማሪዎች የተመራ፣ ከልብ ወለዱ ኩባንያ ጋር የማይመሳሰል ጥናት ነው። «ፊስት» በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ይህ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ 6 ሆስፒታሎች ተካሄደ። ገንዘቡ የመጣው ከብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ነው፤ መሪዋ በኬንያ ጠረፍ፣ ኪሊፊ የሚሠሩት ካትሪን ሜይትላንድ ነበሩ። በከባድ ትኩሳት የደም ዝውውሩ የተዳከመ ሕፃን ሆስፒታል እንደ ደረሰ በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት ቢሰጠው ይተርፋል ወይ? በሀብታም አገሮች የሚደረገው ይኸው ነበር፤ ያድናል ብሎ የማያምን ሐኪምም ጥቂት ነበር። 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ሁለቱ ምድቦች ፈሳሹን በፍጥነት አገኙ፤ ሦስተኛው ሌላው ሕክምና ሳይጓደልበት ያለዚያ ቀጠለ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹን ካገኙት ከመቶ 10 ተኩል ገደማ ሞቱ፤ ካላገኙት የሞቱት 7.3 ነበሩ። ሙከራው ከታሰበው ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

እንግዲህ ባዶ ዕጣ የወጣላቸው የመሰላቸው እናቶች ናቸው ልጆቻቸውን በብዛት ይዘው የተመለሱት። እዚህ ላይ መዝገብ የሰወረ የለም፤ ገዳይ የላከ የለም፤ ሰው የሞተው በቅን እጅ፣ በመልካም ሐሳብ ነው። ፈቃዱም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ልጇ እያጣጣረ ቅጽ የምታነብ እናት የለችምና፣ ጊዜ በሌለበት መጀመሪያ በቃል ተጠይቃ ሙሉ ማብራሪያውና ፊርማው በኋላ ይቀርብላት ነበር። ይህ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? በሁለቱም ወገን የሚከራከር ቅን ሰው አይጠፋም። ወንጀለኛው አስቀድሞ የታወቀበት ልብ ወለድ ግን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ወንበር የለውም።

የአገር ሐኪሞችም ወንበር አላገኙም። በመጽሐፉ ውስጥ አርኖልድ ብሉም የተባለ ጥቁር ሐኪም አለ፤ ደግ ነው፣ ደፋር ነው፣ ይሞታል። ተመራማሪ ሆኖ፣ ተጠራጥሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ግን አናየውም። ለዚህ ማሪሳ ሚካ በ2021 ያሳተሙት «አፍሪካናይዚንግ ኦንኮሎጂ» የተሰኘ የታሪክ መጽሐፍ የተሻለ ጓደኛ ነው። ዴኒስ በርኪት የሕፃናትን የመንጋጋ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፉበት በካምፓላው ሙላጎ፣ በ1967 ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ጋር የሕክምናና የምርምር ማእከል ተከፈተ። አሚን ሥልጣን ከያዘ በኋላ አሜሪካዊው መሪ በ1972 ሲወጣ፣ ኡጋንዳዊው ዶክተር ቻርልስ ኦልዌኒ ኃላፊነቱን ተረከቡ። መድኃኒት በጠፋበት፣ ጥይት በሚሰማበት ከተማ የታማሚ ካርድ መሙላትና መከታተል ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ አንባቢ፣ ከቴሳ ግድያ ያላነሰ ታሪክ እዚያ ያገኛል።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ጎንደር ይቀርበዋል። የካላዛር ታማሚ ለ30 ቀን በየዕለቱ መርፌ ይወጋ ነበር። በ2003 ካርቱም ላይ የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ምርምር ጥምረት በሱዳን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ባካሄደው ሙከራ፣ ሁለት መድኃኒት አጣምሮ ለ17 ቀን መስጠት ከ30ው ቀን እንደማያንስ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2010 ለአካባቢው እንዲሆን መከሩ። ጎንደርና አርባ ምንጭ ከሙከራው ጣቢያዎች መካከል ነበሩ። ለመከር ወርዶ መተማና ሁመራ ላይ ለሚታመም የቀን ሠራተኛ 13 ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ሰው የተጻፈ ልብ ወለድ ግን እኔ አላየሁም፤ ከፈረንጅም፣ ከእኛም ደራሲያን።

ፊልሙ ውስጥ አንድ የማይረሳ ቦታ አለ። ዋንዛ ከሞተች በኋላ ወንድሟ ኪዮኮ ሕፃኑን ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ረጅሙን መንገድ በእግር ይያያዘዋል። ቴሳ በመኪናቸው እንዲያደርሷቸው ትለምናለች፤ ጀስቲን ችግረኛው ብዙ ነው ብሎ እምቢ ይላል፤ እነዚህን ግን መርዳት እንችላለን ትለዋለች። ተቺዎች ይህን የጀስቲን የኅሊና ታሪክ መነሻ አድርገው ያነሡታል፤ ትክክል ናቸው። ክርክሩ ያለው መኪናው ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ በባልና በሚስት መካከል ነው። ኪዮኮ መንገዱን ይቀጥላል፤ ስለ እህቱ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር ምን እንደሚናገር የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ግን ከመኪናው ጋር ይሄዳል።