የታጠፈ ቱቦ አመዛዘን

የእጅ ቱቦ ማጠፊያ አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሮለሮች ቱቦውን ከግራና ከቀኝ ይደግፉታል፤ መሃል ላይ ያለው ግማሽ ክብ ብረት በዘይት ክሪክ እየተገፋ ያጎብጠዋል። ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ በምሥራቅ ሱዳን ላለው የእርሻ አገር፣ ከገዳሪፍ ተነስቶ በጋላባት በኩል መተማ ዮሐንስ እስኪደረስ ድረስ ላለው መንገድ ሁሉ ተስማሚ መሣሪያ ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ትራክተር ባለበት ሁሉ የብረት ሠራተኛም አይጠፋም። የትራክተር ጥላ፣ የፒክአፕ ጭነት መደገፊያ፣ በፕላስቲክ ገመድ የሚጠለፈው የሱዳን የብረት አልጋ፣ ሁሉም የታጠፈ ቱቦ ይፈልጋሉ።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ማዕዘኑን ነው። ሥራ አዋቂ ግን መጀመሪያ ጣቱን በእጥፋቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ያስኬዳል። ቱቦ ሲታጠፍ የውጭው ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ ብረቱ በእኩል ተጨምቋል ማለት ነው። ሽብሽብ ወይም ጎድጓዳ ካለ ግን ቱቦው እዚያ ቦታ ላይ ተሰብሯል፤ ቀለም ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በጠጠር መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ የጭነት መደገፊያ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚህ ቦታ ነው።

የዚህ ጉድለት ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ሳይሆን ያለቦታው መግባቱ ነው። በክሪክ የሚሠራው ርካሽ ማጠፊያ የተሰናዳው ለውኃ ቧንቧ፣ ማለትም ግድግዳው ወፍራም ለሆነ ቱቦ ነው። ከዕቃው ጋር የሚመጡት ግማሽ ክብ ብረቶችም በቧንቧ መጠሪያ የተሰየሙ ናቸው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ኢንቹ 33.7 ሚሊ ሜትር ነው። ለወንበርና ለአልጋ የሚሸጠው ስስ ቱቦ ግን የሚለካው በውጭ ስፋቱ ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር የተባለው 25 ነው። ይህን ቱቦ ለሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ በተሠራው ብረት ውስጥ ያስቀመጠ ሠራተኛ በግራና በቀኝ ክፍተት ይተውለታል፤ ቱቦውም ወደዚያው ክፍተት እየተዘረጋ ይደፈጠጣል።

መደፍጠጥ በዓይን ብቻ አይገመትም፤ ካሊፐር ያስፈልጋል። በእጥፋቱ መሃል ሰፊውና ጠባቡ ስፋት ይለካሉ፤ ልዩነታቸው ለመጀመሪያው ስፋት ይካፈላል። በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ሰፊው 26፣ ጠባቡ 24 ከሆነ ሞላላነቱ 8 በመቶ ነው። ከውስጥ ግፊት ለሚሸከሙ የፋብሪካ ቧንቧዎች በሰፊው የሚሠራበት ወሰን ይኸው 8 በመቶ ነው። አልጋ ግፊት አይሸከምምና እንዲህ ያለ ጥብቅነት ግዴታው አይደለም። ቢሆንም ከዚህ ወሰን ያልወጣ እጥፋት በቤት ማጠፊያ የተገኘ ከሆነ ሠራተኛው ሊመሰገን ይገባዋል።

የእጥፋቱ ሬዲየስም ሥራውን ይወስናል። 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በመሃል መስመሩ በ100 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ሲታጠፍ የውጭው ጎን 12.5 በመቶ ይለጠጣል፤ ሬዲየሱ ወደ 50 ከወረደ መለጠጡ 25 በመቶ ይደርሳል። ጠበብ ያለ እጥፋት ለዓይን ያምራል፤ በስስ ቱቦና በርካሽ መሣሪያ ከተሠራ ግን ሊታመን አይገባም። የቱቦው የብየዳ መስመርም የት እንዳረፈ ይታያል። ትክክለኛው ቦታው ጎን ነው፤ እዚያ ብረቱ እምብዛም አይለጠጥም፣ አይጨመቅምም። መስመሩን ወደ ውጭ አዙሮ ያጠፈ ሠራተኛ ደካማውን ቦታ ለትልቁ ጉልበት አጋልጦታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማዕዘኑ መሄድ ይቻላል። ብረት ሲለቀቅ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል። 90 ዲግሪ ላይ ቆሞ የተለቀቀ ቱቦ 87 ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቱቦ 93 ድረስ መገፋት ነበረበት። መመለሱ ከቱቦ ቱቦ ስለሚለያይ ጠንቃቃ ሠራተኛ ከዚያው ብረት ቁራጭ አጥፎ ይሞክራል፤ ክሪኩ የሚቆምበትንም በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ስኳድራ ለአጭር ክንድ ይበቃል። ለረጅም ክንድ ግን አንድ ዲግሪ ስህተት በአንድ ሜትር ላይ ወደ 17 ሚሊ ሜትር እንደሚያድግ መታወስ አለበት፤ የአልጋ እግር የሚዛባውም በዚህ ነው።

ርዝመት ላይ የሚታየው ስህተት የስሌት ነው። ሁለቱን ክንዶች እስከ ማዕዘኑ ጫፍ ለክቶ የደመረ ሰው ቱቦው ይተርፈዋል፤ ቱቦው ጥጉን በቅስት አቋርጦ ያልፋልና። በ90 ዲግሪ እጥፋት ትርፉ የሬዲየሱ 0.43 እጅ ነው፤ ሬዲየሱ 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን 43 ሚሊ ሜትር። ከእጥፋቱ አጠገብ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ የተቆረጠና እንደገና የተበየደ ቱቦ ከታየ፣ ይህ ሒሳብ ሳይሠራ መቅረቱን ያሳያል።

ከአንድ በላይ እጥፋት ያለው ሥራ ላይ መጠምዘዝ ይፈተሻል። ሌላ ቦታ ወለል ላይ አጋድሞ ማየት ይበቃ ይሆናል። የገዳሪፍ መሬት ግን በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ፣ ያልተለሰነ ወለል ለምስክርነት አይበቃም። እዚያ የሚሻለው ክር ነው። በአራት ማዕዘን ፍሬም ላይ ሁለት ክሮች ከጥግ ወደ ጥግ ተወጥረው መሃል ላይ ለስለስ ብለው ከተነካኩ ፍሬሙ ዝርግ ነው። አንዱ ሌላውን ከተጫነ ወይም በመሃላቸው ክፍተት ከታየ ተጠምዝዟል። ርዝመታቸው እኩል መሆኑ ደግሞ ማዕዘኖቹን ያረጋግጣል። ማጠፊያው በዋልካ ላይ በቆመ ምሰሶ ከታሰረ ራሱ መሣሪያው ከክረምት ክረምት ይዘምማል፤ ሠራተኛው ይህን ካላወቀ ስህተቱ በሁሉም ሥራው ላይ ይደጋገማል።

ማጠፊያው ያልቻለውን በእሳት የሚያጥፉ አሉ። ቱቦው በደረቅ አሸዋ ተጠቅጥቆ፣ ጫፎቹ በእንጨት ተወትፈው እስኪቀላ ይሞቃል፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ጥሩ እጥፋት ይወጣዋል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ውታፉን አስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧን ማሞቅ ደግሞ ጭሱን ለተነፈሰ ሰው ትኩሳት ያመጣል። በብርድ ቢታጠፍም ዚንኩ በውጭው ጎን ሊላጥ ይችላል፤ ቦታው ካልተቀባ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል።

ሥራ ሲረከቡ ሁሉም ጉድለት እኩል አይደለም። ጥቂት ዲግሪ የጎደለው እጥፋት ወደ መሣሪያው ተመልሶ ይገፋል። ከልክ በላይ የታጠፈውን መክፈት ይከብዳል፤ ተከፍቶ የመጣም ከሆነ ውስጡ ዳግም መታየት አለበት። ውስጡ የተጨማደደ ቱቦ ግን ለጭነትም ሆነ ሰው ለሚተኛበት ዕቃ አይሆንም፤ ተቆርጦ በአዲስ መተካት አለበት።