የስሜት ቃላት አፈታትና የመዝገበ ቃላት ጉድለት

ዊልያም ስቶኪ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ምልክቶቹን በእጅ ቅርጽ፣ በሚሠሩበት ቦታና በእንቅስቃሴያቸው ለይቶ የደረደረ ሥራ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች መግባቢያ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን በማስረዳት ረገድ ውለታው ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አደራደር ፊት ቦታ አላገኘም። ጉድለቱ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ቋንቋ ቅንድብ ማንሣት መገረምን ሊገልጽ ይችላል፤ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚያሰኝ ጥያቄንም ያመለክታል። እጅን ብቻ አጥንቶ በሐኪም ፊት የሚያስተረጉም ሰው የበሽተኛውን ጥያቄ እንደ ድንጋጤ ሊያቀርበው ይችላል።

በሌላው ከመፍረዳችን በፊት ግን የራሳችንን ሥራ እንመልከት። «ከፋው»ንም «ሆዱ ባባ»ንም «አዘነ» ብሎ የሚያልፍ ፍች ምን ያህል ይጠቅማል? «አዘንሁ» ባይ የግሡ ባለቤት ነው፤ «ከፋኝ» ባይ ግን ተሳቢ ነው፣ ስሜቱ የመጣበት እንጂ ያመጣው አይደለም፤ «ሆዴ ባባ» ሲል ደግሞ ባለቤቱ ሆዱ ነው። (ሆዱ የባባ ሰው ለማልቀስ የቀረበ መሆኑንስ የትኛው ተመሳሳይ ቃል ይነግረናል?) አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው አዝኖ «ከፋሁ» ቢለን፣ ልንስቅ የሚገባን በመዝገባችን ነው።

ስለዚህ ከመነሻው ግሥ ቀጥሎ «ከፋኝ» የሚለው ቅርጽ ከነምሳሌው ይስፈር፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መዝገብ የሚያዘጋጁም ከእጁ ጎን የፊቱን ሁኔታ በቃል ያብራሩ። ቪዲዮ ፊትን ያሳያል፤ የትኛው ሰዋስው፣ የትኛው ስሜት እንደ ሆነ ግን አይለይም።